ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፈቃዱ ሲለወጥ፦ ተጠቃሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መግቢያ

የመረጃ ቋት፣ የፍለጋ ሥርዓት፣ የሰርቨር ማስተዳደሪያና የድረ ገጽ መገንቢያ ሆነው የሚያገለግሉ በርካታ ሶፍትዌሮች ክፍት ምንጭ ናቸው። ተቋማትና ጀማሪ ኩባንያዎች እነዚህን ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት አውርደው፣ ለሥራቸው እንዲስማሙ አድርገው አሻሽለው አገልግሎት ይሰጡባቸዋል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ሶፍትዌሩ ባለቤት የሌለው በመሆኑ ሳይሆን የቅጂ መብቱ ባለቤት በጽሑፍ በሰጠው ፈቃድ መሠረት ነው።

ከ2018 ወዲህ ሞንጎዲቢ፣ ኢላስቲክ፣ ሃሺኮርፕና ሬዲስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ይህንኑ ፈቃድ ገደብ ባለው ሌላ ፈቃድ ተክተዋል። ፈቃዱ ሲለወጥ ሶፍትዌሩ በተጠቃሚው ሰርቨር ላይ እንደ ቀድሞው መሥራቱን ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የመጠቀም መብቱ ነው። በዚህም ምክንያት ለውጡን ያላስተዋለ ተቋም አንድ የተለመደ ማሻሻያ በመጫኑ ብቻ ባላሰበው ግዴታ ሥር ሊወድቅ ይችላል።

ይህ ማብራሪያ የፈቃድ ለውጥ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ ማንን እንደሚነካና ተጠቃሚዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ይገልጻል። በማብራሪያው የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልኩ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

ሶፍትዌር የሚጻፈው አልሚዎች አንብበው በሚረዱት የምንጭ ኮድ ነው። የምንጭ ኮዱ ለሕዝብ መታየቱ ብቻ ግን ሶፍትዌሩን ክፍት ምንጭ አያሰኘውም። በ1998 የተቋቋመው ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የተባለ ድርጅት አንድ ፈቃድ ክፍት ምንጭ ለመባል ሊያሟላቸው የሚገቡ አሥር መስፈርቶችን አውጥቷል። ከእነዚህም መካከል ሶፍትዌሩን በነጻ ማሰራጨት መፈቀዱ፣ አሻሽሎ ማውጣት መፈቀዱ፣ በማንኛውም ሰው ወይም ቡድን ላይ አድልዎ አለመደረጉ እንዲሁም በማንኛውም የሥራ መስክ ላይ ገደብ አለመጣሉ ይገኙበታል።

የመጨረሻው መስፈርት ለዚህ ማብራሪያ ቁልፍ ነው። «ለንግድ መጠቀም አይፈቀድም» ወይም «ከእኛ ጋር ለሚወዳደር አገልግሎት መጠቀም አይፈቀድም» የሚል ፈቃድ፣ ኮዱ ለማንም የሚታይ ቢሆንም፣ በዚህ መስፈርት ክፍት ምንጭ አይባልም።

ክፍት ምንጭ ፈቃዶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ልል ፈቃዶች ሲሆኑ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቺ 2.0 የሚባሉት በዚህ ሥር ይመደባሉ። እነዚህ የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ከማቆየት ያለፈ ከባድ ግዴታ አይጥሉም። ሁለተኛዎቹ ጂፒኤልንና ኤጂፒኤልን የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ ሶፍትዌሩን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው ማሻሻያውንም በዚያው ፈቃድ ለተቀባዮቹ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ኤጂፒኤል ይህን ግዴታ በኔትወርክ አማካይነት ለሚሰጥ አገልግሎትም ያሰፋዋል፤ ማለትም አሻሽሎ በኢንተርኔት የሚያገለግልበት ወገን የተሻሻለውን ኮድ ለተጠቃሚዎቹ ማቅረብ ይኖርበታል።

ገደብ ያላቸው ፈቃዶች የትኞቹ ናቸው?

በአሁኑ ጊዜ በስፋት ከሚታዩት ገደብ ያላቸው ፈቃዶች ሁለቱ የሚከተሉት ናቸው።

1. ኤስኤስፒኤል፦ ይህን ፈቃድ በ2018 ያወጣው ሞንጎዲቢ ነው። በኤጂፒኤል ላይ የተመሠረተ ሆኖ አንድ ከባድ ግዴታ ይጨምራል። ሶፍትዌሩን ለሌሎች እንደ አገልግሎት የሚያቀርብ ወገን የሶፍትዌሩን ኮድ ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን ለማስኬድ የሚጠቀምባቸውን የማስተዳደሪያ፣ የክትትል፣ የመጠባበቂያ ቅጂና የማከማቻ ሶፍትዌሮች ኮድ ጭምር በዚሁ ፈቃድ ይፋ ማድረግ አለበት። ይህን ግዴታ መፈጸም ለአንድ የክላውድ አገልግሎት ሰጪ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ውጤቱ በተግባር ከክልከላ ብዙም የራቀ አይደለም።

2. ቢኤስኤል፦ ይህ ፈቃድ ከማሪያዲቢ ኩባንያ የመነጨ ነው። ኮዱ ይታያል፣ ሊሻሻልም ይችላል፤ ሆኖም ለመደበኛ አገልግሎት ማዋል የሚቻለው ባለቤቱ በፈቀደው ልክ ብቻ ነው። የፈቃዱ ልዩ ባሕርይ ጊዜያዊ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ስሪት ከወጣ ቢበዛ ከአራት ዓመት በኋላ በራሱ ጊዜ ወደ ክፍት ምንጭ ፈቃድ ይለወጣል። ባለቤቱ የሚከለክለውና የሚፈቅደው ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ፣ ቢኤስኤል የሚለውን ስም ማወቅ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ የእያንዳንዱን ሶፍትዌር ተጨማሪ የፈቃድ አንቀጽ ማንበብ ያስፈልጋል።

እነዚህን የመሳሰሉ ፈቃዶች ያሏቸው ሶፍትዌሮች «ምንጫቸው የሚታይ» ይባላሉ። ምንጩ የሚታይና ክፍት ምንጭ የሚሉትን አገላለጾች አንድ አድርጎ መውሰድ ብዙ ተጠቃሚዎችን ለስሕተት የሚዳርግ ነው።

ኩባንያዎች ፈቃድ የሚለውጡት ለምንድን ነው?

ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ዋነኛ ምክንያት ከታላላቅ የክላውድ አገልግሎት ሰጪዎች ጋር ያለው ውድድር ነው። አንድ ኩባንያ ለዓመታት ደክሞ ያለማውንና በነጻ የለቀቀውን ሶፍትዌር፣ ሰፊ የሰርቨር አቅም ያለው ሌላ ኩባንያ ወስዶ ለደንበኞቹ በክፍያ ሊያቀርበው ይችላል። ክፍት ምንጭ ፈቃድ ይህን ስለሚፈቅድ የአልሚው ኩባንያ አቤቱታ የሕግ መሠረት አይኖረውም። ስለዚህ የቀጣዮቹን ስሪቶች ፈቃድ በመለወጥ በሩን ለመዝጋት ይሞክራል።

በሌላ ወገን የሚቀርበው ክርክር ደግሞ የሚከተለው ነው። ሶፍትዌሩ ስመ ጥር የሆነው በነጻነቱ ምክንያት ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች የተማመኑበት፣ የውጭ አልሚዎችም ያለ ክፍያ ስሕተቶቹን ያረሙለትና አዳዲስ ክፍሎችን የጨመሩለት ክፍት ሆኖ ይቀጥላል ብለው ነው። ገበያው ከተያዘ በኋላ ደንቡን መለወጥ በጋራ የተሠራን ሀብት ለአንድ ወገን ጥቅም እንደማዋል ይቆጠራል ይላሉ።

ከባለሀብቶች የሚመጣው ግፊትም ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይነሣል። ሞንጎዲቢ በ2017፣ ኢላስቲክ በ2018፣ ሃሺኮርፕ ደግሞ በ2021 አክሲዮኖቻቸውን በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ለሽያጭ ያቀረቡ ኩባንያዎች ናቸው። ለባለአክሲዮኖች ገቢ ማሳየት ግድ የሆነበት ኩባንያ በነጻ የሚሰጠውን ነገር ወሰን ደጋግሞ መመርመሩ የሚጠበቅ ነው።

ለውጡ በሕግ እንዴት ይፈጸማል?

ፈቃድ መለወጥ የሚችለው የቅጂ መብቱ ባለቤት ወይም ከእርሱ በቂ መብት ያገኘ ወገን ነው። ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው፣ ሶፍትዌሩን የጻፈው አንድ ኩባንያ ሲሆንና የውጭ አልሚዎችም ሥራቸውን ከማበርከታቸው በፊት የአበርካቾች ስምምነት እንዲፈርሙ ሲደረግ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ስምምነት አልሚው ሥራውን በማንኛውም ፈቃድ የማውጣት መብት ለኩባንያው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ማንንም ሳያማክር ፈቃዱን ሊለውጥ ይችላል።

ሁለተኛው፣ የቀድሞው ፈቃድ ልል ሲሆን ነው። ቢኤስዲንና አፓቺን የመሳሰሉ ፈቃዶች ኮዱን ወስዶ በሌላ ፈቃድ ከሚወጣ ሥራ ጋር ማዋሐድን አይከለክሉም። በመሆኑም አበርካቾች የተለየ ስምምነት ባይፈርሙም፣ ቀጣዩ ስሪት ገደብ ባለው ፈቃድ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለውጡ በተግባር የማይቻልበት ሁኔታ ነው። የሊኑክስ ከርነል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከርነሉ በጂፒኤል ሁለተኛ ስሪት የሚተዳደር ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩት አበርካቾች የየራሳቸውን ድርሻ የቅጂ መብት እንደያዙ ናቸው። ፈቃዱን ለመለወጥ የእነዚህን ሁሉ ስምምነት ማግኘት ስለሚያስፈልግ፣ አንድ ኩባንያ በራሱ ውሳኔ ሊዘጋው አይችልም።

ለውጡ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። አፓቺ 2.0 የሚሰጠው የቅጂ መብት ፈቃድ ዘላቂና የማይሻር መሆኑን በጽሑፉ ላይ በግልጽ ያሰፍራል። ስለሆነም አንድ ተቋም በክፍት ምንጭ ፈቃድ የተቀበለውን ስሪት፣ የፈቃዱን ሁኔታዎች እስካከበረ ድረስ፣ ከለውጡ በኋላም መጠቀሙን፣ ማሻሻሉንና ማሰራጨቱን ሊቀጥል ይችላል። አዲሱ ፈቃድ የሚመለከተው ከለውጡ በኋላ የሚወጡትን ስሪቶች ነው።

እስካሁን ከተደረጉት ለውጦች ምን ይታያል?

ሞንጎዲቢ፦ የመረጃ ቋት አልሚው ኩባንያ በጥቅምት 2018 ሶፍትዌሩን ከኤጂፒኤል ወደ ኤስኤስፒኤል አዛወረ። አዲሱን ፈቃድ ክፍት ምንጭ ተብሎ እንዲጸድቅለት ለኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ቢያቀርብም፣ በ2019 ማመልከቻውን ራሱ አነሣ። ዴቢያንና ፌዶራን የመሳሰሉ የሊኑክስ ሥርጭቶች ሶፍትዌሩን ከጥቅሎቻቸው አስወጡ። አማዞንም በጥር 2019 ከሞንጎዲቢ ጋር ተጣጥሞ የሚሠራ የራሱን የመረጃ ቋት አገልግሎት ለገበያ አቀረበ።

ኢላስቲክ፦ ኩባንያው በጥር 2021 ኢላስቲክሰርች የተባለው የፍለጋ ሶፍትዌር ከስሪት 7.11 ጀምሮ ከአፓቺ 2.0 ወጥቶ በኤስኤስፒኤልና በኩባንያው የራሱ ፈቃድ እንደሚቀርብ አስታወቀ። አማዞን የመጨረሻውን ክፍት ስሪት መነሻ አድርጎ ኦፕንሰርች የተባለ ሶፍትዌር በዚያው ዓመት አወጣ። ኦፕንሰርች በ2024 ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ተዛውሯል። ኢላስቲክም በነሐሴ 2024 ኤጂፒኤልን እንደ ተጨማሪ አማራጭ አቅርቧል።

ሃሺኮርፕ፦ በነሐሴ 2023 ቴራፎርም የተባለውን የሰርቨሮች መሠረተ ልማት ማስተዳደሪያና ሌሎች ምርቶቹን ከኤምፒኤል 2.0 ወደ ቢኤስኤል አዛወረ። ፈቃዱ ከኩባንያው ምርቶች ጋር ለሚወዳደር አገልግሎት መጠቀምን ይከለክላል። ለውጡ በታወጀ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ኦፕንቶፉ የተባለው ተገንጣይ ፕሮጀክት በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተቋቋመ፤ በጥር 2024ም ለመደበኛ አገልግሎት የሚሆን ስሪት ለቀቀ። ሃሺኮርፕ ራሱ በኋላ በአይቢኤም ተገዝቷል።

ሬዲስ፦ ጣሊያናዊው አልሚ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2009 የለቀቀው ይህ ፈጣን የመረጃ ቋት ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል በቢኤስዲ ፈቃድ ቆይቷል። ኩባንያው በ2018 የተጨማሪ ክፍሎቹን ፈቃድ ሲለውጥ ዋናው ሶፍትዌር ግን በቢኤስዲ እንደሚቀጥል ገልጾ ነበር። ሆኖም በመጋቢት 2024 ዋናውም ሶፍትዌር ከስሪት 7.4 ጀምሮ ገደብ ባላቸው ሁለት ፈቃዶች እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ወር ቫልኪ የተባለው ተገንጣይ ፕሮጀክት የአማዞን፣ የጉግልና የኦራክልን ድጋፍ ይዞ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተመሠረተ። ሬዲስም በግንቦት 2025 ባወጣው ስሪት 8 ላይ ኤጂፒኤልን እንደ አማራጭ ጨመረ።

ከእነዚህ ክንውኖች ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ በመግለጫ የሚሰጥ ተስፋ ፈቃድ አይደለም፤ ተጠቃሚን የሚጠብቀው በጽሑፍ የሰፈረው የፈቃድ ቃል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በክፍት ምንጭ ፈቃድ የወጣ ስሪት እስካለ ድረስ ሌሎች ተነሥተው ሥራውን ሊያስቀጥሉት ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የተዘጋ ፈቃድ ዳግም ሊከፈት ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ተገንጣይ ሶፍትዌሮች ከተፈጠሩ በኋላ ልዩነታቸው በየስሪቱ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ተጠቃሚው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

የፈቃድ ለውጥ ማንን ይነካል?

ሁሉም ተጠቃሚ እኩል አይነካም። ዋናው መለያ ሶፍትዌሩ ለምን ዓላማ እንደዋለ ነው።

ሶፍትዌሩን ለራሱ የውስጥ ሥራ ብቻ የሚጠቀም ተቋም፣ ለምሳሌ የሠራተኞቹን መዝገብ የሚይዝበት መሥሪያ ቤት፣ በአብዛኞቹ ገደብ ያላቸው ፈቃዶች ሥር ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጠቀሙን ሊቀጥል ይችላል። የመረጃ ቋቱን ከጀርባ አድርጎ የራሱን መተግበሪያ የሚያቀርብ ድርጅት፣ ለምሳሌ የትኬት መሸጫ ወይም የትምህርት ቤት ማስተዳደሪያ የሠራ ኩባንያ፣ ብዙውን ጊዜ ከገደቡ ውጭ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኞቹ የሚገዙት የመረጃ ቋቱን ሳይሆን መተግበሪያውን ነው። ይሁን እንጂ የፈቃዱን ቃል ከሚሠራው ሥራ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሶፍትዌሩን ራሱን ለደንበኞች እንደ አገልግሎት ለሚያቀርብ ወገን ነው። ሰርቨር የሚያከራዩ፣ የመረጃ ቋት የሚያስተናግዱ፣ የሌሎችን ተቋማት ሥርዓት በክፍያ የሚያስተዳድሩ ወይም ሶፍትዌሩን በራሳቸው ምርት ውስጥ አካትተው የሚሸጡ ድርጅቶች ወደ አዲስ ስሪት ከመሸጋገራቸው በፊት ከፈቃዱ ባለቤት ጋር ውል መፈጸም ወይም ወደ ሌላ ሶፍትዌር መዛወር ሊኖርባቸው ይችላል።

በኢትዮጵያ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የፈቃድ ቃልን መተላለፍ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ተጠያቂነትንም ሊያስከትል የሚችል ነው።

በቀድሞው ስሪት መቆየት መፍትሔ ይሆናል?

የቀድሞውን ክፍት ስሪት ይዞ መቆየት በሕግ ረገድ ችግር የለበትም። ችግሩ የደኅንነት ነው። በማንኛውም ሶፍትዌር ላይ በየጊዜው የደኅንነት ክፍተቶች ይገኛሉ። አልሚው ኩባንያ ለቀድሞው ስሪት የጥገና ማሻሻያ ማውጣቱን ባቆመ ጊዜ ክፍተቱ በይፋ እየታወቀ መድኃኒቱ ግን ለአዲሱ ስሪት ብቻ ይሰጣል። የዜጎችን የጤና፣ የባንክ ወይም የማንነት መረጃ የያዘ ሥርዓት በዚህ ሁኔታ ረዥም ጊዜ እንዲቆይ መፍቀድ መረጃውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በመሆኑም በቀድሞው ስሪት መቆየት እንደ መሸጋገሪያ እንጂ እንደ መጨረሻ መፍትሔ ሊወሰድ አይገባም።

ሶፍትዌር ከመመረጡ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

የፈቃዱ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ የሆነው ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ምንጭ መድረክ በኤምፒኤል 2.0 ፈቃድ የሚሰራጭ ነው። ቴራፎርምም ከለውጡ በፊት በዚሁ ፈቃድ ነበር። ልዩነቱ ሶፍትዌሩን በያዘው አካል ላይ ነው። ቴራፎርም በአክሲዮን ገበያ ላይ የዋለ የአንድ ኩባንያ ምርት ሲሆን፣ ሞሲፕ የሚመራው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሆኖ አገሮች ለሕዝብ አገልግሎት እንዲያውሉት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በጤናው ዘርፍ ለመረጃ አሰባሰብ የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2ም በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራና በቢኤስዲ ፈቃድ የሚሰራጭ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ተቋም ሶፍትዌር ሲመርጥ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይኖርበታል።

1. ሶፍትዌሩ በአሁኑ ጊዜ በየትኛው ፈቃድ ይሰራጫል? ፈቃዱስ በኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የጸደቀ ነው?
2. የቅጂ መብቱና የንግድ ምልክቱ ባለቤት ማን ነው? አንድ ኩባንያ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋውንዴሽን ወይስ በርካታ አበርካቾች?
3. የውጭ አበርካቾች ለኩባንያው ሰፊ መብት የሚሰጥ ስምምነት ይፈርማሉ?
4. ኮዱን የሚጽፉት የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ብቻ ናቸው ወይስ የተለያዩ ተቋማት ይሳተፋሉ?
5. ፈቃዱ ቢለወጥ ሥራውን የሚተካ ሌላ ሶፍትዌር አለ? መረጃውንስ በመደበኛ ቅርጽ አውጥቶ ማዛወር ይቻላል?

የአንድ ኩባንያ ምርት መሆኑ ሶፍትዌሩን ለመተው በቂ ምክንያት አይደለም። የጥያቄዎቹ ዓላማ ስጋቱን አስቀድሞ ማወቅና አማራጭ መያዝ ነው።

ለውጥ ሲያጋጥም የሚወሰዱ እርምጃዎች

አንድ ተቋም የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ፈቃዱ መለወጡን ሲያውቅ በሚከተለው ቅደም ተከተል እንዲሠራ ይመከራል።

አንደኛ፣ በራሱ ጊዜ የሚካሄደውን የስሪት ማሻሻያ በጊዜያዊነት መግታት። ብዙ ሰርቨሮች የቅርብ ጊዜውን ስሪት ያለ ሰው ትእዛዝ እንዲያወርዱ ሆነው የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ተቋሙ ሳያውቅ በአዲሱ ፈቃድ ሥር ሊገባ ይችላል። የሚወርደው ስሪት በቁጥር ተለይቶ መወሰን አለበት። እገታው ግን በቀድሞው ፈቃድ የሚወጡትን የደኅንነት ማሻሻያዎች የሚያስቀር መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ሶፍትዌሩ በየትኛው ሥርዓት ውስጥ፣ በየትኛው ስሪትና ለምን አገልግሎት እንደዋለ መመዝገብ። የሶፍትዌር ዝርዝር መዝገብ አስቀድሞ የያዘ ተቋም ይህን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። መዝገቡ በሌሎች አቅራቢዎች ምርት ውስጥ ተካትተው የገቡ ክፍሎችንም ሊያካትት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ፋይል ሙሉ ቃል ማንበብና ከተቋሙ አጠቃቀም ጋር ማነጻጸር። አጠራጣሪ ነጥብ ሲኖር የሕግ ባለሙያ ማማከር።

አራተኛ፣ ከአማራጮቹ አንዱን መምረጥ። አማራጮቹም በአዲሱ ፈቃድ መቀጠል፣ የንግድ ፈቃድ መግዛት፣ ወደ ተገንጣዩ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት መዛወር ወይም ወደ ሌላ ተመሳሳይ ሶፍትዌር መሸጋገር ናቸው። ተገንጣዩ ፕሮጀክት ከቀድሞው ስሪት ጋር እጅግ የሚቀራረበው በተገነጠለበት ወቅት ስለሆነ፣ ዝውውሩ በዘገየ ቁጥር ሥራው እየከበደ ይሄዳል።

አምስተኛ፣ ዝውውሩ ከመጀመሩ በፊት የመረጃውን ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ አዲሱን ሶፍትዌር በሙከራ ሰርቨር ላይ መፈተሽ፣ ካልተሳካም ወደ ነበረበት ለመመለስ የሚያስችል ዕቅድ ማዘጋጀት።

ሶፍትዌር በግዥ የሚያሠሩ ተቋማት በውላቸው ውስጥ አቅራቢው የተጠቀመባቸውን ክፍሎች ከነፈቃዳቸው ዘርዝሮ እንዲያስረክብና በውሉ ዘመን የፈቃድ ለውጥ ሲኖር እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ ቢያካትቱ ኋላ ከሚመጣ ውዝግብ ይድናሉ።

ለሶፍትዌር አልሚዎች

በክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ላይ በበጎ ፈቃድ የሚሳተፉ አልሚዎች ሥራቸውን ከማበርከታቸው በፊት የሚፈርሙትን ስምምነት በጥሞና ሊያነቡ ይገባል። ስምምነቱ ኩባንያው ሥራውን በፈለገው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ዛሬ ለሁሉም የተበረከተው ኮድ በሚቀጥለው ስሪት ገደብ ባለው ፈቃድ ሊወጣ እንደሚችል ተረድተው ሊወስኑ ይገባል። አንዳንድ ፕሮጀክቶች ግን አበርካቹ ኮዱን የማበርከት መብት ያለው መሆኑን ብቻ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃሉ። ሁለቱ አሠራሮች በሚያስከትሉት ውጤት እጅግ የተለያዩ ናቸው።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት በክፍት ምንጭ ፈቃድ የወረደ ሶፍትዌር አሁን ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል?
መልስ፦ በክፍት ምንጭ ፈቃድ የወጣው ስሪት፣ የፈቃዱ ሁኔታዎች እስከተከበሩ ድረስ፣ ከኋላ በመጣ ለውጥ ምክንያት ክፍያ አይጠየቅበትም። ወደ አዲስ ስሪት ሲሻገሩ ግን አዲሱ ፈቃድ ተፈጻሚ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ገደብ ያለው ፈቃድ ያለውን ሶፍትዌር መጠቀም ሕገ ወጥ ነው?
መልስ፦ አይደለም። በፈቃዱ ወሰን ውስጥ እስከሆነ ድረስ አጠቃቀሙ ሕጋዊ ነው። ሕገ ወጥ የሚሆነው ከወሰኑ ሲታለፍ ነው።

ጥያቄ፦ ተገንጣይ ሶፍትዌር መጠቀም የዋናውን ኩባንያ መብት መጣስ አይሆንም?
መልስ፦ ተገንጣዩ በክፍት ምንጭ ፈቃድ ከወጣ ስሪት የተነሣ ከሆነና የፈቃዱን ሁኔታዎች ካከበረ የመብት ጥሰት አይሆንም። የንግድ ምልክት ግን በሌላ ሕግ የሚጠበቅ ስለሆነ ተገንጣዮቹ አዲስ ስም ይይዛሉ። ቫልኪ፣ ኦፕንሰርችና ኦፕንቶፉ የተባሉት ስሞች የመጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በፋውንዴሽን ሥር ያለ ሶፍትዌር ፈጽሞ አይዘጋም ማለት ነው?
መልስ፦ ፍጹም ዋስትና የለም። ሆኖም ውሳኔው በአንድ ኩባንያ እጅ ስላልሆነና በርካታ ተቋማት ስለሚሳተፉበት፣ ፈቃዱ በአንድ ወገን የንግድ ፍላጎት የመለወጡ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

ማጠቃለያ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዋጋው በነጻ መገኘቱ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ማንም ተጠቃሚ የአንድ ኩባንያን በጎ ፈቃድ ሳይጠብቅ ሥራውን ማስቀጠል መቻሉ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ይህ መብት የሚገኘው ከፈቃዱ ጽሑፍ ሲሆን፣ ወደፊት የመቀጠሉ ነገር ደግሞ የቅጂ መብቱን በያዘው አካል ላይ ይወሰናል። የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ስሪት፣ ፈቃድና ባለቤት በመዝገብ ይዞ የሚከታተል ተቋም የፈቃድ ለውጥ ሲመጣ ለመወሰን ጊዜ ይኖረዋል፤ አገልግሎቱም ሳይስተጓጎል፣ የተገልጋዮቹም መረጃ ሳይጋለጥ ይቀጥላል።

ይህ ማብራሪያ ጠቅላላ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ ስለሆነ ለአንድ የተለየ ጉዳይ የሚሰጥን የሕግ ምክር አይተካም። በተለየ ውል ወይም ክርክር ላይ የሚነሣ ጥያቄ የፈቃዱን ሙሉ ቃል በመያዝ ለሕግ ባለሙያ ሊቀርብ ይገባል።